የጳጉሜን ቤት

ሰሌዳውን ከግድግዳው ያወረዱት ራሳቸው ነበሩ። አሁን ግን የት እንደሚያኖሩት ጠፍቷቸው፣ በበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ታመመ ሕፃን በጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ያዩታል። ክንድ የማይሞላ የዋንዛ ጣውላ ነው። ዳር ዳሩ ተልጎ ለስልሷል፤ በመካከሉ፣ እጁ የሰለጠነ ሰው በነጭ ቀለም «የአቶ ነጋ ቤት» ብሎ ጽፎበታል፤ ከጽሕፈቱ በላይ አንዲት ማንጎ ከነቅጠሏ ተሥላለች። አቶ ነጋ ሰባ ዓመት አልፏቸው ስማቸው ከቤት ጋር ተያይዞ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ልጅ ያሳደጉበት ቤት ቀድሞ የባቡር ድርጅቱ፣ ኋላም የቀበሌ ነበር። ሰው በስተርጅና የመጣለትን ክብር በገዛ እጁ ሲሸሽግ ምን ይባል ይሆን እያሉ፣ ጣታቸውን በስማቸው ፊደላት ላይ አሳለፉ።

ዕለቱ ጳጉሜን ሦስት፣ የመልአኩ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው። አባቶች «ርኅወተ ሰማይ» ይሉታል፤ የሰማይ ደጆች የሚከፈቱበት፣ የሰው ልመና ያለ ከልካይ የሚያርግበት ቀን ነው ሲሉ። በሌላው ዓመት ይህን ጊዜ አቶ ነጋ ከደብራቸው ቅጽር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይገኙ ነበር። ዛሬ ግን ጸሎታቸውን ከአንድ ግራር ሥር አደረሱ፤ ካደረሱም በኋላ የራሳቸውን ልመና ሊጨምሩ ቢፈልጉ አንደበታቸው ተያዘ። ልብ ተንኮል እያሰበ፣ የሰማይን ደጅ በምን ፊት ያንኳኳል?

ቤቱ የእሳቸው የሆነው ለአምስት ቀን ብቻ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወስደው መንገድ፣ ቁልቋል ከበቀለባቸው ኮረብታዎች ሥር የተሠራው ይህ ማረፊያ መንደር ሕጉ እንዲህ ነው፤ አንዱን ቤት አንድ ሰው አይገዛውም፤ ዓመቱ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ ይሸጣል። አንዱ የጥቅምትን ሳምንት ያነሣል፣ ሌላው የጥርን። ተራው የደረሰ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ ተራው ያለፈ ቁልፉን መልሶ ይሄዳል። ወጣቶቹ «ታይም ሼር» ይሉታል። አሥራ ሁለቱ ወራት ለነጋዴውና ለባለሥልጣኑ ተከፋፍለው ሲያልቁ፣ ጳጉሜን እንደ በሬው ቀንድ የሚያነሣት አጥታ ቀረች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛው ልጃቸው ፍራኦልም ያችን ትርፍ ለመግዛት አቅሙ በቃው። አቶ ነጋ ነገሩን ሲሰሙ ስቀው፣ «በዘመነ ሉቃስ አንድ ቀን ይመረቅልናል» አሉ፤ ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት መሆኗን ማለታቸው ነው። ፍራኦል ይህንኑ ለሻጩ ሠራተኛ ለዋይስ ቢነግረው፣ ዋይስ አስቦበት አያውቅም ኖሮ ከአለቆቹ ጋር ሊማከር ሄደ፤ መልሱ እስካሁን አልመጣም።

ያለፉት ሁለት ቀናት ከማርም ከኮሶም የተቀዱ ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አለምብርሃን ሙቅ ውኃ ከግድግዳ ሲወርድ አይተው በቀን ሦስት ጊዜ መታጠብ ጀመሩ። የዋና ገንዳው ግን እስከ ጉልበት እንኳ አልሞላም፤ ውኃ የሚያመጣው ቦቴ መንገድ ላይ ነው ይባላል፣ መንገድ ላይ እንደ ሆነ ቀረ። የልጅ ልጃቸው ዱኒያ ከገንዳው ወለል ተቀምጣ በስኒ እየቀዳች በራሷ ላይ ታፈሳለች፤ ለእሷ ባሕር ነው። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ዳቦ መጋገሪያ ይሆናል። ጦጣዎች ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ነጥቀው ከጣራው ላይ እያዩአቸው በሉት። አልጋው እጅግ ከመለስለሱ የተነሣ አቶ ነጋ ወገባቸውን አመማቸውና ሰሌን አንጥፈው ከወለሉ ተኙ። በር ላይ ሲደርሱ ለእንግዳ ሁሉ የሚታሰረውን ሰማያዊ የፕላስቲክ አምባር ሊያስሩላቸው ቢሉ፣ «አንገቴ ላይ ማተብ አለኝ፤ ይበቃኛል» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዋይስም በየጠዋቱ የማንጎ ጭማቂ ይዞ ይመጣና፣ ከጳጉሜን ወደ ጥር ማደግ እንደሚቻል ገለጻ ያደርግላቸዋል። «ጥርን ምን አደርጋታለሁ?» አሉት አቶ ነጋ። «የምድረው ልጅ የለኝም።»

በእርግጥም ልጃቸውን ድረዋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

የምራታቸው የፊርዶስ አባት ጦልሃ፣ ከአቶ ነጋ ጋር በባቡር ጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን አብረው ያሳለፉ ሰው ናቸው። ጦልሃ ሲሰግዱ ነጋ ማሽኑን ይጠብቁላቸዋል፤ ነጋ ሲጾሙ ጦልሃ ከፊታቸው አይበሉም። በሥጋ ቀን ሁለት ድስት፣ በጾም ቀን አንድ ገበታ፤ በዚህ ደንብ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ልጆቹ ተዋደው በማዘጋጃ ቤት ሲጋቡ ግን ደንቡ አልበቃም። ነጋ አዘኑ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻም ተቀበሉ። ጦልሃ ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የነጋን ቤት ደጃፍ አልረግጥም» ብለው ማሉ። ልጃቸውን አላባረሩም፤ ዱኒያንም ዓርብ ዓርብ ከጭናቸው አስቀምጠው ተምር ያጎርሷታል። ነጋን በመንገድ ሲያገኙ ሰላምታ አይነፍጉም። ደጃፉን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልረገጡም፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ከሚሉት ወገን ናቸው።

አሁን ጊዜው አጠረ። ጦልሃ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ናቸውና፣ ጅቡቲ የሚኖረው ልጃቸው መሃድ በነገው ባቡር ሊወስዳቸው መጥቷል። ፊርዶስ፣ «አባ፣ ሪዞርት ነው፤ የማንም ቤት አይደለም፤ ከመሄድህ በፊት አንድ ቀን አብረን እንብላ» ብላ ለምና እሺ አሰኝታቸው ነበር። ፍራኦል ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዝ ለእናት፣ የመጀመሪያ ቤት ለአባት ነው እየተባለ ያደገ ልጅ ነውና፣ ውሉን በአባቱ ስም አድርጎ፣ ድንገት ሊያስደስታቸው ለማንም ሳይናገር ቆየ። ጳጉሜን አንድ ሲደርሱ ሰሌዳው ከበሩ ጎን ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ወይዘሮ አለምብርሃን እልል አሉ፤ የአቶ ነጋ ዓይን ውኃ ሞላ። ከኋላ የቆመችው ፊርዶስ ብቻ ዝም አለች። የማንም ያልነበረውን ቤት የነጋ ያደረገው፣ እንግዲህ፣ የልጅ ፍቅር ነው።

«ነጋ፣ ምን ይዘህ ነው እንዲህ የተከዝከው?»

ወይዘሮ አለምብርሃን ከመታጠቢያው ወጥተው ፀጉራቸውን በፎጣ እያደራረቁ ከኋላቸው ቆመዋል።

«ዓለሜ፣ ይህን የት ላድርገው?»

«ፍራሹ ሥር» አሉ፣ ቀድመው እንዳሰቡበት ሁሉ። «እስኪሄድ ድረስ ነው። ማን ያየዋል?»

«ሰው ሳያውቅ መሐላው ቢፈርስ፣ ኃጢአቱ የማን ነው?»

«እሱን የንስሐ አባትህን ትጠይቃለህ። እኔ የማውቀው፣ ይህች ልጅ አባቷን ከፊቷ አስቀምጣ አንድ ጊዜ ካላጎረሰችው፣ ሆዷ ቆስሎ እንደሚቀር ነው።»

ሰሌዳው ፍራሽ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይታ ፊርዶስ በረንዳውን ልትጠርግ ወጣች፤ ባዶውን ምስማር አየችና መጥረጊያውን አቆመች። ወደ አማቷ ዞር ብላ ተመለከተች፤ አቶ ነጋ ኮረብታውን ያዩ ይመስል ፊታቸውን አዞሩ። እሷም የዱኒያን የሰሌን ባርኔጣ አንሥታ ከምስማሩ ላይ ሰቀለች። አቶ ነጋን ከቃል ይልቅ ይህ ከበዳቸው። ተንኮሉ የሽማግሌ ነበር፤ አሁን የቤተሰብ ሆነ።

ምሳው የሽምብራ ዓሣ ነው። አቶ ነጋ ጳጉሜንን ስለሚጾሟት፣ ደግሞም የሽምብራ ዱቄት ማን ባረከው ተብሎ ስለማይጠየቅ፣ ሴቶቹ ከማለዳ ጀምረው አብረው ጠበሱት። አንድ ትሪ፣ አንድ ገበታ።

ጦልሃ የመጡት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። ከባጃጅ ሲወርዱ አቶ ነጋ ከበረንዳው ሆነው አዩአቸው፤ ከስተዋል። በሒና የቀላው ጢማቸው ብቻ የድሮው ነው። ነጭ ኮፍያ፣ የተተኮሰ ሽርጥ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የበሰለ ዘይቱን የሞላ ዘምቢል፤ የፍሬው ሽታ ከሰውዬው ቀድሞ ደረሰ። ዱኒያ ሮጣ ከጉልበታቸው ተጠመጠመች።

«ነጋ» አሉ ጦልሃ ከደረጃው ግርጌ ቆመው። «ሪዞርት ያወፍራል ሲሉ ሰምቼ ነበር። አንተን ፈርቶህ ነው እንዴ?»

«ጠዋት ማታ ቤት ግዛ እያሉ እያባረሩኝ በምን ልወፍር፣ አቦ?»

«አመለጥካቸው?»

«በዚህ ጉልበት? ጭማቂያቸውን ጠጥቼ ተኛሁባቸው።»

ጦልሃ ሳቁ። ያ ሳቅ ከአፍንጫ ጀምሮ ትከሻ ላይ የሚያልቅ፣ በማሽን ጩኸት መካከል እንኳ የሚለይ ሳቅ ነበር፤ አቶ ነጋ ሦስት ዓመት አልሰሙትም። ልባቸው እንደ ጎረምሳ ዘለለች። በሩ ላይ ፊርዶስ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማለች፤ ፍራኦል ወንበር ይዟል፤ ወይዘሮ አለምብርሃን የነጠላቸውን ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ።

«ፊርዶስ ሆቴል ነው ብላኛለች» አሉ ጦልሃ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ጫማቸውን እያወለቁ። «ሆቴል ከሆነ ምን ችግር አለው አልኩ። ሆቴል የሁሉም ነው።»

ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ዝም ቢሉት ያልፍ ነበር። ጦልሃ ባዶ እግራቸውን አንሥተው ወደ መጀመሪያው ደረጃ ሊያሳርፉ ነው። አቶ ነጋ ያን እግር አዩት። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ከሚሽከረከር ብረት አጠገብ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ «ጠብቅልኝ» ካላቸው በኋላ አንድ ቀን ዞር ብሎ አይቶ አያውቅም። ዛሬም አላየም።

«ጦልሃ፣ እግርህን መልስ።»

ጦልሃ ቀና አሉ።

«ቤቱ የኔ ነው። ለአምስት ቀን ነው እንጂ የኔ ነው። ልጁ ሊያስደስተኝ በስሜ ገዛው። ስሜ የተጻፈበትን ሰሌዳ ፍራሽ ሥር ሸሽጌው ነው።»

ከጣራው ላይ ጦጣዎቹ ብቻ ተንቀሳቀሱ። ጦልሃ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በከዘራቸው ተደግፈው፣ በአንድ እግር ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው ከነጋ ወደ ፍራኦል፣ ከፍራኦል ወደ አለምብርሃን፣ በመጨረሻም ወደ ልጃቸው ዞረ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አሉ በዝግታ። «እንደ ሕፃን ተባብዬ ልገባ ነበር።»

«አባ» አለች ፊርዶስ።

ጦልሃ ጫማቸውን አጠለቁ። ዱኒያን ግንባሯን ሳሟት፤ ዘምቢሉን ከደረጃው ግርጌ አኖሩት፤ ባጃጇም ገና አልዞረችም ነበርና ተሳፈሩ። አቧራው እስኪሰክን ድረስ ከበረንዳው የተንቀሳቀሰ የለም።

ምሳውን የበላችው ዱኒያ ብቻ ናት።

«አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አሉ ወይዘሮ አለምብርሃን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ጸሎተኛ ባል ሰጠኝ ብዬ አመሰግን ነበር። ትንሽ ጎደል ቢል ጥሩ ነበር።»

ፍራኦል ከአባቱ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባዬ። ስምህን ስታይ ትደሰታለህ ብዬ ነው።»

«ተደስቻለሁ። አባቱን ያከበረ ልጅ አጠፋ አይባልም፤ ቀኑ ነው ያልገጠመው» አሉና ተነሥተው ሰሌዳውን ከፍራሹ ሥር አወጡት። የዱኒያን ባርኔጣ ከምስማሩ አውርደው ሰሌዳውን በቦታው ሰቀሉት። ጣውላው ተዘንብሎ ቀረ፤ አላቃኑትም።

ፊርዶስን ከማድ ቤት፣ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና ስታጥብ አገኟት። ይቅርታ ሊሉ ነበር የገቡት። እሷ ቀደመች።

«አባባ፣ ደግ አደረጉ» አለች ከውኃው ቀና ሳትል። «አውቃለሁ፣ ደግ ነው። ግን ዛሬ ደግነትዎን አልወደድኩትም።»

«እኔም አልወደድኩትም፣ ልጄ» አሉ አቶ ነጋ። ፎጣ አንሥተው ብርጭቆዎቹን ያደርቁላት ጀመር። እሷ ታጥባለች፣ እሳቸው ያደርቃሉ። መካከል ላይ ዋይስ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ ጭማቂ ይዞ፣ ሰሌዳ ተዘንብሎ እንዲሰቀል ደንቡ እንደማይፈቅድ በትሕትና አስታወሰ። ፊርዶስ ቀና ብላ አየችው፤ ጭማቂውን አስቀምጦ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደመና ከኮረብታው ጀርባ ተነሣ። ወይዘሮ አለምብርሃን ለዱኒያ፣ የሩፋኤል ዝናብ ያገኘው ልጅ ቶሎ እንደሚያድግ ስለነገሯት፣ ሕፃኗ ስኒዋን ይዛ ከግቢው መካከል ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አቶ ነጋ ከበረንዳው ተቀምጠው ባጃጅ የሚመስል ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንገታቸው ይቀናል፤ ባጃጅ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ያቀረቅራሉ። ጠዋት ያልጨረሱትን ልመና አሁን ቃል ሳያሰሙ ጨረሱት። ልመናውም አጭር ነበር፤ ባይገባም ተቀይሞ አይሂድ የሚል።

ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም ባጃጇ መጣች። ከኋላ መቀመጫዋ ላይ፣ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ድስት እንደ ሙሽራ ተቀምጧል፤ ጦልሃ በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። የሩዝና የፍየል ሥጋ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጦልሃ ወረዱ፤ እስከ ደረጃው ግርጌም መጥተው ቆሙ። የተዘነበለውን ሰሌዳ አዩትና ከዚያው ሆነው ከዘራቸውን ዘርግተው በጫፉ ገፋ አድርገው አቃኑት።

«ነጋ፣ ና ውረድ» አሉ። «ድሃ ፈልግልኝ።»

«ምን?»

«ሸኹ ጋ ሄድኩ። መሐላ ሲከብድ መፍቻ አለው፤ አሥር ድሃ አብላ፣ ከዚያ ግባ አሉኝ። ቢዮ አዋሌ የአክስቴ ልጅ ፋዱማ አለች፤ አሠርቼ መጣሁ። ነገ ባቡሩ አይጠብቀኝም፤ ዛሬውኑ ነው።»

አቶ ነጋ ከደረጃው ወረዱ። «ይህን መፍቻ ዛሬ ነው የሰማኸው?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነግሩኝ ነበር» አሉ ጦልሃ። «ድሃ አጥቼ አልነበረም። ልብ አጥቼ ነው። ዛሬ ብትዋሸኝ ገብቼ፣ በልቼ፣ ቂሜን ይዤ ጅቡቲ እሄድ ነበር። እውነቱን ስትነግረኝ ግን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ለመናደድ ብሞክር፣ ብሞክር፣ አልሆነልኝም።»

ወይዘሮ አለምብርሃን ከበሩ ላይ ሆነው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ችግሩ ድሃ ማግኘት ሆነ። ጦልሃ ዕድሜያቸውን በሙሉ የኖሩት ሀብታም ካለበት ደጅ ለማኝ በማይጠፋበት ከተማ ነውና፣ እንዲህ ባለ የቱጃር መንደር በር ላይ አሥር አይደለም ሃያ ችግረኛ አይጠፋም ብለው ነበር ከቢዮ አዋሌ ድስቱን ጭነው የመጡት። እዚህ ግን ዘበኞቹ ወደ በሩ የሚጠጋውን ሁሉ ስለሚያባርሩ፣ ከአጥሩ ውጭ ከፍየል በቀር የሚታይ የለም። የመጀመሪያው የተጠየቀው የበሩ ዘበኛ ቢሌ ነው።

«ድሃ ነህ?» አሉት ጦልሃ አፋቸውን ሞልተው።

ቢሌ ኮሌታውን አስተካከለ። «እኔ? ደመወዝተኛ ነኝ፣ አባቴ።»

«በላህ?»

ቢሌ ወደ ድስቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። «መብላቱን አልበላሁም።»

«ድሃ አይደለህም፣ የራበህ ነህ። ቁጭ በል፤ ስሙን አላህ ያስተካክለዋል።»

ቅጠል ጠራጊዋ ሸምሶ መጥረጊያዋን ዛፍ ላይ አስደግፋ መጣች፤ እሷ ድህነቷን አልካደችም፤ እንዲያውም ከቢሌ የተሻልኩ ድሃ ነኝ ብላ ከፊት ተቀመጠች። በግቢው ዳር ገና ካልተጨረሰ ቤት ላይ ጡብ ሲያቀብሉ የዋሉት የቀን ሠራተኞች ደግሞ፣ ፍራኦል ሄዶ ሲጠራቸው የሚሰናበቱ መስሏቸው አካፋቸውን እንደያዙ ወረዱ። ከግቢው ማንጎ ዛፍ ሥር ሰሌን ተነጠፈ፤ የባጃጇ ነጂም አብሯቸው ተቀመጠ። ፊርዶስ ውኃ እያዞረች አስታጠበች፤ አባቷ በገዛ እጃቸው ሩዙን እየዘገኑ ከእያንዳንዱ ፊት አኖሩ። ሲያጎነብሱ ወገባቸው እንደሚያማቸው ያስታውቃል፤ አቶ ነጋ ሊያግዙ ቢጠጉ፣ «አንተ አትንካ፤ ያንተ ቤት ነገር ነው፣ ይበላሻል» ብለው መለሷቸው። ሠራተኞቹ ከበሉ በኋላ መረቁ። ጦልሃ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ዘጠኝ» አሉ።

ፍራኦል ግቢውን ሁሉ ዞረ። ዋይስ ከቢሮው ወጥቶ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሲነገረው፣ ሌላ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ከተማ መውጣቱን፣ እሱም ምሳውን ጠግቦ መዋሉን አስታወቀ። ፍራኦል በባጃጇ ወደ ቢዮ አዋሌ ልሂድና አንድ ሰው ላምጣ አለ። ጦልሃ አልፈቀዱም። «የማልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ተልኮ አይፈታም» አሉ። የቀረውን ሩዝ በሳህን አድርገው፣ ሌላ ሳህን ከድነው፣ ከበሩ ውጭ ወደሚሄደው መንገድ አዩ። ደመናው ፀሐይቱን ሊውጣት ተቃርቧል።

«ቆይ» አሉ አቶ ነጋ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በከዘራ እየሄድክ ሳህን መያዝ አትችልም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከበሩ ወጡ። መንገዱ በቁልቋሎች መካከል ወደ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ይወርዳል። ሳህኑን እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ለአንድ ዙር ነጋ፣ ለአንድ ዙር ጦልሃ።

«ጅቡቲ ይሞቃል ይላሉ» አሉ አቶ ነጋ።

«ከዚያ የጥገና ክፍል አይበልጥም።»

«ያኔ ጥፋቱ ያንተ ነበር። መስኮቱን አላስከፍት ያልከው አንተ ነህ።»

«መስኮቱን? አቦ፣ አትዋሽ በርጅናህ። አቧራ ያመኛል እያልክ ስትዘጋው የነበርከው ማን ሆነና?»

«እኔ አቧራ አሞኝ አያውቅም።»

«ወላሂ ያምህ ነበር።»

«አትማል» አሉ አቶ ነጋ። «አሥር ድሃ ከየት እናመጣለን?»

ጦልሃ ቆመው ሳቁ፤ ሳቁ ከአፍንጫቸው ጀምሮ ትከሻቸውን ነቀነቀው፤ ሳህኑ ሊወድቅ ሲል አቶ ነጋ ያዙት። በዚያው ቅጽበት የመጀመሪያው ጠብታ በክዳኑ ላይ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ ሌላ። አሸዋው መሽተት ጀመረ። ከኋላቸው፣ ከግቢው፣ የዱኒያ ጩኸትና የሴቶቹ ሳቅ ተሰማ። በሌላ ዓመት ቢሆን አቶ ነጋ ለዚህ ዝናብ ራሳቸውን ገልጠው በቆሙ ነበር። አሁን ነጠላቸውን አውልቀው ሳህኑን ሸፈኑበትና በራሳቸው ላይ የሚወርደውን እንደ መጣ ተቀበሉት።

ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ አንድ ሰው ወደ እነሱ ሲመጣ ታየ። ጎንበስ ያለ ነው፤ በጀርባው የእንጨት ሸክም ይሁን ሌላ አይለይም።

«የራበው ይመስልሃል?» አሉ ጦልሃ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ከዚህ አይታይም።»

«ሰላምታ ሰጥተን እንጠይቀው።»

«እኔ እጠይቀዋለሁ። አንተ ‹ድሃ ነህ?› ብለህ ታስቀይመዋለህ።»

«እሺ፣ አንተ ጠይቀው» አሉ ጦልሃ፤ ዝናቡ ያንሸራትት ጀምሮ ነበርና የነጋን ክንድ ያዙ።